«እንድፈራ»፦ በአንድ የደሴ ቦክስ ቤት ግድግዳ ላይ ስለነበረው ታይሰን

ነገሩ የተነሳው በስልክ ከተላከ ቁራጭ ቪዲዮ ነው። ሕዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ፣ አሜሪካ ገና አርብ ሌሊት ሳለ፣ የ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ቴክሳስ ላይ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር ስምንት ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። እኛ ያየነው በማግስቱ እሁድ ከልምምድ በኋላ ነው፤ አሥራ አራት ልጅ አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ። ታይሰን ጓንቱን ደጋግሞ በጥርሱ ይነክሳል፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፤ ልጁ እየዞረ በሩቁ ይመታዋል። ማንም አልሳቀም። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ተመልሶ ስልኩን አየና «ጋሼ፣ ይኼ እውነት እሱ ነው?» አለ።

ግድግዳው ላይ ያለው ታይሰን ሌላ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የታፔላ ጸሐፊ ከቲሸርት ላይ አይቶ በዘይት ቀለም የሣለው ነው፤ ጥቁር ቁምጣ፣ ካልሲ የሌለው ጥቁር ጫማ፣ ካባ የለ፣ ጌጥ የለ፣ ከጭንቅላቱ እኩል የሰፋ አንገት። ዓይኑ በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያፈጥበታል። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።

እኔ በዚህ ቤት ምዝገባ እይዛለሁ፣ የአካል ብቃት ልምምዱንም እረዳለሁ። ጉዳዩን ከመነሻው እስከ ደረሰበት የምጽፈው የሌላ ከተማ አሰልጣኞችና ወላጆችም አንድ ቀን ሊገጥማቸው ይችላል ብዬ ነው። የማንንም ስም አላነሳም፤ ቤቱንም አልጠራም።

ቤቱና ልጆቹ

ቤታችን ከፒያሳ ወረድ ብሎ የሚገኝ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። የምንደበድባቸው ከረጢቶች ሁለት ናቸው። አንዱ እውነተኛ ቆዳ፣ ሦስት ቦታ ተጠግኗል፤ ሌላው ሳጋቱራና አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ማለዳ ከጦሳ የሚወርደው ጉም እስከ በራችን ይደርሳል፤ ልጆቹ ላብ እስኪያወጡ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በወር አንድ ጊዜ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ካሉ ጓደኞች ጋር እንጋጠማለን። እዚያ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለሚል የኛዎቹ ሙቀቱ ቢከብዳቸውም ትንፋሽ አያጥራቸውም።

ከአሥራ አራቱ አራቱ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ልጆች በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናቸው ነበር። ገሚሱ በእግሩ ተሰዷል፣ ገሚሱ በር ዘግቶ ከርሟል። ይህን ካላነሳሁ ቀጥሎ የምለው አይገባም።

ልጆቹ «ታይሰን» ብለው የሚጠሩት አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለን። ሃምሳ ኪሎ አይሞላም። ሊመዘገብ የመጣ ቀን እንደ ሁሉም «ቦክስ ለምን ፈለግህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንድፈራ» አለኝ። በቅጹ ላይ እንዳለው ጻፍኩት። ፊደሉ አንድ ነው፤ «ፈ» ጠብቃ ስትነበብ ሌላው እኔን ይፍራኝ ነው፣ ላልታ ስትነበብ እኔ ልፍራ ነው። ልጁ አጥብቆ ነበር ያላት። ያን ቅጽ በኋላ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ።

የአሰልጣኛችን ታይሰን

አሰልጣኛችን ሃምሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ታይሰንን ያወቁት በሰማንያዎቹ በቪዲዮ ቤት ነው፤ ረጅም አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ ምስሉ እየተሰነጠቀ። እ.ኤ.አ. ሕዳር 22 ቀን 1986 በላስ ቬጋስ ትሬቨር ቤርቢክ ከወለሉ ሊነሳ ሲል እግሩ እየከዳው ደጋግሞ ሲወድቅ ያዩትን ዛሬም ተነስተው በአካል ያሳያሉ። ታይሰን ያን ቀን 20 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዕድሜ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የለም። የመጀመሪያዎቹን 19 ግጥሚያዎች በሙሉ በዝረራ ነው ያሸነፈው፤ 12ቱን በመጀመሪያው ዙር። በ1987 ሦስቱንም የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶ ሰበሰበ። በ1988 እስከዚያ ሽንፈት የማያውቀውን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ጨረሰው።

ግን አሰልጣኛችንን «ዝረራ ወዳድ» ማለት ግፍ ነው። የወደዱት አሠራሩን ነው። ታይሰን ለከባድ ሚዛን አጭር ነበር፣ 178 ሴንቲ ሜትር። ቶኒ ተከርን የመሰለ ከ195 በላይ የሚረዝም ሰው ዘንድ እንዴት ይገባል? ካስ ደማቶ የሚባሉ ሽማግሌ አሰልጣኝ ከልጆች ማረሚያ አውጥተው፣ ቤታቸው አስገብተው ያስተማሩት ይህንን ነው። ሁለት እጅ ጉንጭ ላይ፣ ጭንቅላት እንደ ፔንዱለም ግራ ቀኝ፣ ምቱ ሲያልፍ በሥሩ ገብቶ መጀመሪያ ጎን፣ ቀጥሎ አገጭ። አሰልጣኛችን መጋዘኑን ከግድግዳ ግድግዳ በትከሻ ቁመት ገመድ ወጥረውበታል። ልጆቹ በገመዱ ሥር ዝቅ ቀና እያሉ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። የወሎ ልጅ ቀጭን ነው፣ ብዙዎቹ አጭር ናቸው፤ ከዚያ ገመድ የተሻለ ትምህርት አላየሁላቸውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ክርክር

ቪዲዮውን ካየን በኋላ የመጣው ክርክር በየትም ያለ የቦክስ ወዳጅ የሚከራከረው ነው፤ ታላቅ ነበር ወይስ አስፈሪ ብቻ? አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለን፣ ሁሉን ነገር አጣርቶ የሚመጣ። የቀድሞው ሻምፒዮን ላሪ ሆምስ በታይሰን ሲሸነፍ 38 ዓመቱ ነበር፣ ሁለት ዓመት ገደማም አልተጋጠመም አለ። ስፒንክስ ከቀላል ከባድ ሚዛን የመጣ ነው አለ። ኢቫንደር ሆሊፊልድ የሚባል ቦክሰኛ ሁለቴ አሸንፎታል፤ በሁለተኛው፣ በ1997፣ ታይሰን ጆሮውን ነክሶ ከጨዋታ ተባረረ። ሌኖክስ ሉዊስ በ2002 በስምንተኛው ዙር ዘረረው። «አንድም ቀን ወድቆ፣ ተነስቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ የለም» ብሎ ጨረሰ። እውነቱን ነው።

አሰልጣኛችን የደማቶን ሞት አነሱ። ሽማግሌው ሻምፒዮንነቱን ሳያዩ በ1985 ነው የሞቱት፤ እሳቸው ያሰለጠኑትን፣ በኋላ የታይሰን አሰልጣኝ የነበረውን ኬቨን ሩኒን ደግሞ ታይሰን በ1988 አባረረው። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱ መንቀሳቀስ አቆመ፣ አንድ ትልቅ ምት ብቻ ፈላጊ ሆነ አሉ። እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከ1986 እስከ 1988 የነበረው ታይሰን ካየኋቸው ሁሉ የተዋጣለት ነው፤ ሦስት ዓመት ግን ሦስት ዓመት ነው፤ ከሙሐመድ አሊና ከጆ ሉዊስ ተርታ አላስቀምጠውም።

ቤቱን ዝም ያሰኘው ታይሰን የተዘረረበት የቶኪዮው ግጥሚያ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1990፣ በስተር ዳግላስ። አቋማሪዎች ዳግላስ ያሸንፋል ለሚል 42 ለ 1 ሰጥተው ነበር። አሰልጣኛችን ቪዲዮውን ስልኩ ላይ አስከፍተው አሥረኛው ዙር ላይ አስቆሙት። ታይሰን በአራት እግሩ ሆኖ የጥርስ መከላከያውን ወለሉ ላይ ይዳብሳል። አግኝቶ ወደ አፉ ሲከት አጣሞ ከተተው፤ ጫፉ በከንፈሩ ወጥቶ ቀረ። ዓለም የፈራው ሰው በዚያ ቅጽበት የሚፈልገው ያችን ጎማ ብቻ ነበር።

«ዳግላስ ለምን አልፈራውም?» አለ ታይሰን የምንለው ልጅ።

«እናቱን ቀብሮ ነው የመጣው» አሉ አሰልጣኛችን። «ወር አልሞላትም። በስምንተኛው ዙር እሱም ወድቆ ነበር፣ ተነሳ። ከዚያ በላይ ምን ያስፈራዋል?»

ከልጆቹ መካከል በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ወላጁን ያጣ አለ። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

«የሴት ነገር ነው»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ፣ ሴቶቹ ገመዱ ሥር እየሠሩ ሳለ፣ ከአራቱ አንዷ ቆመች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግራ እጇ ከወንዶቹ ከግማሹ ይበልጣል። «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ በምን ነበር የታሰረው?» አለች ወደ ግድግዳው በጓንቷ እየጠቆመች። ስታየኝ መልሱን እንደምታውቅ ገባኝ። ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

አሰልጣኛችን «የሴት ነገር ነው፣ ተይው። እጅሽን ከፍ» አሉ።

እኔ መዝገቡን ይዤ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ። ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ለኔ ከባዱ ይህ ነው። «የሴት ነገር» በኛ ቋንቋ ሰው ሚስቱን ሲፈታም፣ ሲሰርቅባትም፣ ሲወድም፣ ሲደፍርም የሚባል ነው፤ አራቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ከቶ አፉን የሚያስር ቃል ነው። ልጅቷ እጇን ከፍ አደረገች፣ ልምምዷን ጨረሰች፣ ፋሻዋን ፈታ ጠቅልላ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ቅዳሜ ሦስቱ ሴቶች አልመጡም። ሰኞም።

ረቡዕ የልጅቷ እናት መጡ። ጮኸው አልገቡም። ስዕሉ ፊት ትንሽ ቆሙና «ይኼ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ አሰልጣኛችን ዞሩ።

«ጋሼ፣ ልጄን ያመጣሁልዎ ቀን ምን ብለውኝ ነበር?»

«ራሷን እንድትጠብቅ አስተምራታለሁ ብዬዎት ነበር።»

«ከማን?»

አሰልጣኛችን መልስ አልነበራቸውም። እናትየው እሁድ ወላጆች ቢሰበሰቡ፣ ቡናውን እሳቸው እንደሚያፈሉ ተናግረው ሄዱ።

የእሁዱ ቡና

ስድስት ወላጆች፣ አሥር የሚሆኑ ልጆች፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች። ከረጢቶቹን ወደ ጥግ ገፋን፣ ሰንደል ተጨሰ። እኔ የተጠየቅሁትን እውነታ በአጭሩ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1992 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች የ18 ዓመት ወጣት በመድፈር ጥፋተኛ ብለውታል። ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሦስት ዓመት ታስሮ በመጋቢት 1995 ወጣ። እሱ እስከ ዛሬ አላደረግሁም ይላል፤ ይግባኙ ግን አልተሳካለትም። ወጥቶ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2011 በዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር መዝገብ ሰፈረ።

በአወሉ ጊዜ የተናገሩት ወንዶቹ ናቸው። አንድ አባት በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የነበረውን ስሜት አስታወሱ፤ ጥቁር ስለሆነ አሴሩበት ነበር የምንለው አሉ። እኔም ትዝ ይለኛል። ልጅቷም ጥቁር እንደነበረች፣ የጥቁር ቆነጃጅት ውድድር ተወዳዳሪ እንደነበረች ግን ያኔ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቶናው ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ተማሪ ተነሳ። ሳምንት ሙሉ ታይሰንን ሲነቅፍ የነበረው ልጅ አሁን ተከላካይ ሆነ። «እስር ቤት ሳለ እስልምናን ተቀብሏል። ተውበት ያደረገን ሰው በድሮው መያዝ ይቻላል ወይ?» አለ። ለኛ ከተማ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

እናትየው ሲኒውን እየሞሉ ነበር። ጀበናውን አስቀመጡ።

«ተውበቱ የሱና የአላህ ነው የኔ ልጅ፤ እኔ በዚያ መሐል አልገባም። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤት አለው፤ እሷ አውፍ ካላለችው ማን ይልለታል? እናንተ ሳምንት ሙሉ ስትከራከሩ እሷን አንስታችኋል?»

አላነሳንም። አንድ ኦርቶዶክስ አባት ቀስ ብለው «በኛም እንደዚያው ነው፤ የቀማ ሰው ሳይመልስ ንስሐው አይሞላም» አሉ። ከዚያ በኋላ የታይሰንን ቡጢ ያነሳ የለም።

ስለዚህ ሰው የተባለውን ብዙ አንብቤያለሁ። ስንት ዘረረ፣ ስንቴ ተዘረረ፣ ገንዘቡን ማን በላው፣ ደማቶ ባይሞቱ ምን ይሆን ነበር። ሁሉም ስሌት የእሱን ኪሳራ ይቆጥራል። እስሩ ራሱ «ከዕድሜው የባከነ ሦስት ዓመት» ተብሎ በጉዳት ዓምድ ይጻፋል። የሷን ሐቅ በሒሳቡ ያስገባ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ መጋዘን፣ ከአንዲት ቡና አፍይ እናት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ታይሰን ታላቅነት የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ ይህን ነው የምነግረው።

አሰልጣኛችን ግን አልተረቱም። «ስዕሉ ከወረደ እኔም አብሬ ነው የምወርደው» ብለው በረካውን ሳይጠጡ ወጡ።

ያለቀሰው ልጅ

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ብቻዬን ያዝኩ። ሌላ ቪዲዮ አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. 1982 ነው፣ የአሜሪካ የወጣቶች ኦሎምፒክ። ታይሰን ታዳጊ ነው፤ ሊጋጠም ደቂቃዎች ሲቀሩት ከአዳራሹ ውጭ አሰልጣኙ ቴዲ አትላስ ትከሻ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ፈርቷል። ቢሸነፍ ማንም አይወደኝም ብሎ ፈርቷል። አትላስ አቅፎ ያረጋጋዋል። ገብቶ አሸነፈ።

ሌላም ነገርኳቸው፤ በልጅነቱ ብሩክሊን ብራውንስቪል ውስጥ ሲደበደብ፣ ሲዘረፍ ያደገ ልጅ እንደነበር፣ የመጀመሪያ ጠቡ በእርግብ የተነሳ እንደነበር። አንድ ጎረምሳ እርግቡን አንገቷን በጥሶ ገደለበት፤ ያን ቀን ነው መማታት የጀመረው። የኛው ታይሰን እርግብ ያረባል፣ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ስድስት አሉት። «ስንት ነበሩት?» አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ታዲያ ፍርሃቱ መቼ ለቀቀው?» አለ።

ደማቶ ፍርሃት እንደ እሳት ነው ብለው ያስተምሩት ነበር፤ ከያዝከው ወጥ ይሠራልሃል፣ ከለቀቅከው ቤትህን ያነዳል። ታይሰን በወጥ ቤቱ ተጠቅሞበታል፤ ከሪንጉ ውጭ ደግሞ የሰው ቤት ላይ ለቆታል። ለልጁ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ መልሴ እንደበቃው አላውቅም። ሲወጣ ቅጹን አወጣሁና ያን ቃል አሳየሁት። አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ ለራሱ አነበበው።

የተደረገው

አሰልጣኛችን አሥራ አንድ ቀን ቀሩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ከፍቼ ስገባ መሰላል ላይ ነበሩ፤ ኖራ በጥብጠው፣ ደረቱን ጨርሰው ፊቱ ላይ ደርሰዋል። ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ አልጠየቅሁም። ባልዲውን ይዤላቸው ቆምኩ። የዘይት ቀለም ኖራ አይዝም፤ ሦስት ጊዜ ነው የተደገመው። ገመዱ ግን እንደተወጠረ ነው፣ ዛሬም ልጆቹ በሥሩ ይሠራሉ፤ ከማን የመጣ እንደሆነም እንነግራቸዋለን፣ የቀረውንም ጨምረን።

በዚያው ሳምንት ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዘው ልጅቷ ቤት ሄዱ። ይቅርታ የጠየቁት ስለ ስዕሉ አይደለም፣ «የሴት ነገር» ስላሉት ቃል ነው፤ የጠየቁትም እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ልጅቷን ራሷን፣ በስሟ ጠርተው። የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ልጅቷ ተመለሰች። በጥር ኮምቦልቻ ወርዳ ሦስት ዙር ተጋጠመች፣ በነጥብ ተሸነፈች፣ ግራ እጇ ግን የምትናገር ነበረች። አንዲት የስፖርት መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ከሴቶቹ ጋር ይሠራሉ። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብን፤ ሴት ልጆችን መዝግበን በቤቱ አንድ አዋቂ ሴት አለማኖራችን የኛ ጥፋት ነው። የኛው ታይሰን አሁንም ታይሰን ይባላል፤ ቅጽል ስም በኖራ አይጠፋም። ኮምቦልቻ ላይ ጓንት ሳስርለት ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልደበቀኝም።

ሌሎቹ ሁለት ሴቶች አልመጡም። የአንዷ ቤት ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ወንድሟ አንስቶ «ሥራ ይዛለች» አለኝ። የሌላዋ ስልክ አይሠራም። ፋሻዎቻቸው ጠቅልለው በሰቀሉበት ሚስማር ላይ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት አቧራ ስለያዛቸው አጥቤ መልሼ ሰቀልኳቸው።